ሠዓሊው ፓውል ክሌና አሻንጉሊቶቹ

ባለፈው ዓመት በሥዕል ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ይዘው ገቡና አንዱን ገጽ ገልጠው በየጠረጴዛው አዞሩልን። በገጹ ላይ የታተመው ሥዕል መደቡ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። በዚያ ጥቁር ላይ ደማቅ ቀለም የለበሱ አሻንጉሊት መሰል ፍጥረቶች፥ በጨለማ ቤት ውስጥ እንደ በራ መብራት ቦግ ብለው ይታያሉ። የትልቁ አሻንጉሊት ገላ በሙሉ በተደረደረ የቀለም መሥመር የተሠራ ስለ ሆነ የነጠላ ጥለት ነፍስ ዘርቶ የተነሣ ይመስላል። መጽሐፉ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። አንዱ ጓደኛችን ገና ፊደል ያልቆጠረች እኅቱ ከዚህ አብልጣ እንደምትሥል ተናገረ፤ እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁ። መምህራችን ግን አልተቆጡንም። ሥዕሉ የአሻንጉሊት ቲያትር እንደሚባል፥ በ1923 ዓ.ም. እንደ ተሣለ፥ ሠዓሊውም ያን ጊዜ የአርባ ሦስት ዓመት ጎልማሳና በታወቀ ትምህርት ቤት መምህር እንደ ነበረ ብቻ ነግረውን መጽሐፉን ዘጉና ወደ ዕለቱ ትምህርት አለፉ።

እኔ ግን ያንን ሥዕል ከዓይኔ ላጠፋው አልቻልሁም። አንድ የተማረ ሰው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ እንደ ሕፃን የሚሥለው ምን ቢያገኘው ነው እያልሁ ስለ ሕይወቱ የተጻፈውን ስፈልግና ሳነብ ከረምሁ። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜም ሌላ ርእስ አልፈለግሁም።

ፓውል ክሌ ዲሴምበር 18 ቀን 1879 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር፥ ከበርን ከተማ አጠገብ በምትገኝ ሙንኸንቡክዜ በምትባል መንደር ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ሐንስ ክሌ ጀርመናዊ ሲሆን በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምር ነበር። እናቱ ኢዳ የስዊስ ተወላጅና በዘፈን ትምህርት የሠለጠነች ሴት ነበረች። ልጅ የአባቱን ዜግነት ይወርስ ስለ ነበረ፥ ፓውል በስዊዘርላንድ ተወልዶ በስዊዘርላንድ ቢያድግም በሕግ ፊት ጀርመናዊ ሆነ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በል፤ ወደ ፊት የምንመለስበት ጉዳይ ነውና።

ሥዕልን መጀመሪያ ያስለመደችው የእናቱ እናት ናት። ገና ሕፃን ሳለ ባለ ቀለም ጠመኔ ሰጥታ በወረቀት ላይ እንደ ፈቀደው እንዲጫወት ትተወው ነበር። አያቱ ፓውል ትንሽ ልጅ ሳለ ሞተች፤ ልማዱ ግን አብሮት ቀረ። እጅግ ወፍራም የነበረ አንድ አጎትም ነበረው፤ ይህ አጎት ምግብ ቤት ያስተዳድር ስለ ነበረ የጠረጴዛዎቹ ፊት የተወለወለ እብነ በረድ ነበር። በድንጋዩ ላይ የሚታዩት ጅማቶች እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ናቸው። ፓውል በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በዚያ ተቀምጦ ጅማቶቹን በዓይኑ ሲከተል፥ አፍንጫው የረዘመ ሰውዬ ወይም ጀርባው የጎበጠ ፍጥረት ድንገት ይታየዋል፤ ያን ጊዜ እርሳሱን አውጥቶ የታየውን ይነድፈዋል። መቼም ከእኛ መካከል ልስኑ በተላላጠ ግድግዳ ላይ ወይም በክረምት ደመና ውስጥ አንበሳና ሽማግሌ አይቶ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ልዩነቱ እኛ አይተን እናልፋለን፤ እርሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ሲመለከት ኖረ።

ወላጆቹ የሚመኙለት ሙዚቀኛ እንዲሆን ነበር። በሰባት ዓመቱ ቫዮሊን ጀመረና በአሥራ አንድ ዓመቱ ከበርን ከተማ የሙዚቃ ማኅበር ጋር ለመጫወት እስኪጋበዝ ድረስ ሠለጠነ። በትምህርት ቤት ግን የደብተሮቹና የመጽሐፎቹ ጠርዝ በቀልድ ሥዕል የተሞላ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1898 ዓ.ም. ሲፈጽም ፈተናውን ያለፈው ለጥቂት ነው። (ይህን የጻፍሁት ደብተራቸውን በሥዕል የሚሞሉ ጓደኞቼን ለማበረታታት አይደለም፤ ታሪኩ እንዲህ ስለ ሆነ ነው።) ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ ሲጽፍ በቀኝ እጁ፥ ሲሥል ግን በግራ እጁ ነበር።

በዚያው ዓመት ሥዕል ለመማር ወደ ጀርመን አገር ወደ ሚውኒክ ከተማ ሄደ። መጀመሪያ ሐይንሪኽ ክኒር በሚባል ሠዓሊ የግል ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በ1900 ዓ.ም. በሥነ ጥበብ አካዳሚ ፍራንዝ ፎን ሽቱክ ዘንድ ተማረ። የሰውነትን ቅርጽና አጥንትን በሚገባ አጠና። ስለዚህ ሰውን በትክክል መሣል ስላልቻለ ነው እንዲህ የሚሥለው የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል። ያስቸገረው ቀለም ነበር፤ መሥመር ሲታዘዝለት ቀለም ለብዙ ዓመታት እምቢ አለው። ከ1901 እስከ 1902 ዓ.ም. ሐለር ከሚባል የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ጓደኛው ጋር በኢጣሊያ ቆየ። በሮማ የጥንቱን ታላላቅ ሥራ ባየ ጊዜ ከዚህ ወዲያ ምን ይጨመራል ብሎ አዘነ። በናፖሊ ግን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚኖሩትን የባሕር ዓሦች አይቶ እጅግ ተደሰተ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በጥቁር ውሃ ውስጥ እንደ ወርቅ የሚያበሩ ዓሦችን ሣለ።

ከኢጣሊያ ወደ ወላጆቹ ቤት በተመለሰ ጊዜ የሕፃንነት ሥዕሎቹን በዕቃ መካከል አገኛቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ሣቅ ብሎ ይመልሳቸው ነበር። እርሱ ግን ለእጮኛው ለሊሊ ሽቱምፕፍ በጻፈው ደብዳቤ እስከዚያ ቀን ከሠራው ሁሉ የሚበልጡት እነዚያ መሆናቸውን ገለጠላት። በ1911 ዓ.ም. ሥራዎቹን ሁሉ በቁጥርና በዓመት መመዝገብ ሲጀምርም አንዳንዶቹን የልጅነት ሥዕሎች በመዝገቡ መጀመሪያ ላይ አስገባቸው፤ በአካዳሚ ተማሪነቱ የሠራቸውን መልመጃዎች ግን አብዛኛውን ተዋቸው። ሕፃን የሚሥለው የሚያየውን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውንና የሚፈራውን ጭምር ነው፤ ክሌ መልሶ ሊይዘው የፈለገው ይህን እንደ ሆነ ይመስለኛል።

በ1906 ዓ.ም. ሊሊን አግብቶ በሚውኒክ ከተማ መኖር ጀመሩ። ሊሊ የፒያኖ መምህርት ስለ ነበረች የቤቱ ገቢ የእርስዋ ነበር። በ1907 ዓ.ም. ፌሊክስ የሚባል አንድ ልጅ ተወለደላቸው። እናቲቱ ለማስተማር ስትወጣ አባት ቤት ይውላል፤ ወጥ ይሠራል፥ ልጁን ያጥባል፥ ያስተኛል፥ እድገቱንም በማስታወሻ ይጽፋል። በዚያ ዘመን ይህ ነገር እንኳን በእኛ አገር በአውሮፓም ያልተለመደ ነበር። የሚሥለው በዚያችው በጠባቧ ማድ ቤት ነው። ሥዕሎቹ ትንንሽ የሆኑት በጠረጴዛ ጫፍ ላይ ስለሚሠራቸው ጭምር ይመስለኛል፤ ግን ሰፊ ክፍል ባገኘም ጊዜ አብዛኛውን ሥራውን በደብተር ገጽ መጠን ከመሥራት አልተወም።

በ1911 ዓ.ም. ሩሲያዊው ካንዲንስኪና ጀርመኖቹ ፍራንዝ ማርክና አውጉስት ማከ ጓደኞቹ ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ሰማያዊው ፈረሰኛ በሚል ስም አዲስ የሥዕል መንገድ የጀመሩ ናቸው። በኤፕሪል ወር 1914 ዓ.ም. ክሌ ከማከና ሉዊ ሙዋዬ ከሚባል ስዊስ ሠዓሊ ጋር በመርከብ ወደ አፍሪካ፥ ወደ ቱኒዝያ ተሻገረ። ጉዞው ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ነገር ግን በቱኒስ ወደብ፥ በሐማመትና በካይሩዋን ያየው የፀሐይ ብርሃን፥ ነጫጭ ቤቶችና የመስጊድ ጉልላት ልቡን ለወጠው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለው ቀለም በካይሩዋን በአንድ ምሽት ታዘዘለት። ሌሎቹን ትቶ ወደ ቤቱ ለመመለስ የቸኮለው እንኳ ያገኘው ነገር እንዳይጠፋበት ሰግቶ ነው። አፍሪካዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ትንሽ ቢኰራ አይፈረድበትም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት በክረምት የአውሮፓ ጦርነት ተጀመረ። ማከ በሴፕቴምበር ወር በፈረንሳይ ግንባር ሲሞት ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ማርክ በማርች 4 ቀን 1916 ዓ.ም. በቬርደን አጠገብ ሞተ፤ በዚያው ሳምንት ክሌ ራሱ ለውትድርና ተጠራ። ዕድል ሆኖ ወደ ግንባር ሳይላክ ከሚውኒክ አቅራቢያ በአውሮፕላን ጣቢያ የአውሮፕላን ክንፍ ቀለም ቀቢ፥ በኋላም የሒሳብ ጸሓፊ ሆነ። ለአውሮፕላን ክንፍ የሚውለውን ሸራ ቁራጭ እየለቀመ በትርፍ ጊዜው ይሥልበት ነበር። ጓደኞቹን በገደለው ጦርነት መካከል የጨረቃና የወፍ፥ የከዋክብትና የአበባ ሥዕሎች ሠራ።

አሻንጉሊቶቹም የተወለዱት በዚህ ጊዜ ነው። ፌሊክስ የአሻንጉሊት ቲያትር ለማየት እጅግ ይወድ ነበር። አባቱ በ1916 ዓ.ም. ለልደቱ በእጅ ውስጥ የሚጠለቁ አሻንጉሊቶችን ሠራለት፤ እስከ 1925 ዓ.ም. ድረስም ወደ ሃምሳ ያህል ደረሱ። ራሳቸው ከጀሶ፥ ከበሬ አጥንትና ከወረቀት፥ ልብሳቸውም ከአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ የተሠራ ነው። አንዱ ጋኔን ከኤሌክትሪክ ሶኬት፥ ሌላው መንፈስ ከክብሪት ቀፎ ተሠርቷል። በቤት ውስጥ የሚጣል ነገር አልነበረም ማለት ነው። አንዱ አሻንጉሊት ዓይኖቹ ትልልቅ ሆነው ክሌን ራሱን የሚመስል ነው። ፌሊክስ በእነዚህ እየተጫወተ አደገና በኋላ የቲያትር አዘጋጅ ሆነ። በክፍላችን ያሣቀን የ1923 ዓ.ም. ሥዕል እነዚህን አሻንጉሊቶች ሳያስቡ ሊታይ አይችልም።

ከጦርነቱ በኋላ ክሌ ስሙ ወጣ። በ1920 ዓ.ም. በሚውኒክ ከሦስት መቶ ስድሳ የሚበልጡ ሥራዎቹ በአንድ ትርኢት ቀረቡ። በዚያው ዓመት ዋልተር ግሮፒዩስ የሚባለው አርክቴክት ባውሐውስ ወደተባለው አዲስ የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ጠራው። በ1921 ዓ.ም. በቫይማር ከተማ ማስተማር ጀመረና ትምህርት ቤቱ በ1925 ዓ.ም. ወደ ዴሳው ሲዛወር አብሮ ተዛውሮ በጠቅላላው አሥር ዓመት አስተማረ። ከዚያ ዘመን የተረፉት የማስተማሪያ ማስታወሻዎቹ ከሦስት ሺህ ገጽ በላይ ናቸው። መሥመር ከነጥብ እንዴት እንደሚነሣ፥ አንዱ ቀለም በሌላው ጎን ሲቆም ለምን እንደሚከብድ ወይም እንደሚቀልል፥ ይህን ሁሉ እንደ ሒሳብ መምህር አንድ በአንድ ያስረዳ ነበር። እንደ ሕፃን ይሥላል የተባለው ሰው ይህ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በ1922 ዓ.ም. የሣለውን የምትንጫጫው መኪና የተባለ ሥዕል ማየት ይበቃል። ቁመቱ ስድሳ አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አራት ቀጫጭን ወፎች በቀጭን ሽቦ ላይ ቆመዋል፤ በሽቦው ጫፍ መዘውር አለ። መዘውሩን የሚያዞር ሰው ቢገኝ ወፎቹ የሚጮኹ ይመስላል። ከየአፋቸው የወጣው ነገር ምላስም ቀስትም መንጠቆም ሊሆን ይችላል። ከበስተ ኋላቸው ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም እንደ ማለዳ ጭጋግ ተዘርግቷል። አንድ ጊዜ ያስቃል፤ ሁለተኛ ሲያዩት ግን ወፎቹ ታስረው ይሆን ብሎ ሰው ይጠራጠራል። መሥመሮቹ ጠርዛቸው የተንቋቋና ጥቁር እድፍ የነካቸው ናቸው፤ ይህም በዘዴ የተደረገ ነው። ክሌ አንድ ወረቀት በጥቁር የዘይት ቀለም ይቀባና ቀለሙ ሊደርቅ ሲል በንጹሕ ወረቀት ላይ ይደፋዋል። በላዩ አስቀድሞ የነደፈውን ሥዕል ያኖርና በመርፌ መሥመሩን ይከተላል፤ ልክ ጸሓፊዎች በካርቦን እንደሚገለብጡ ማለት ነው። እጁ የተጫነበት ቦታ ሁሉ እድፍ ይተዋል። ከዚያ በኋላ የውሃ ቀለሙን በላዩ ያፈስበታል። ስለዚህ በድንገት የተሠራ የሚመስለው መሥመር ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተሣለ ነው። በትምህርት ቤታችን የሥዕል ክፍል ሞክሬው ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

በ1925 ዓ.ም. ሱርያሊስት የሚባሉት፥ የሕልምን ዓለም እንሥላለን ያሉት ሠዓሊዎች በፓሪስ ትርኢት ሲያሳዩ የክሌ ሥራ አብሮ ቀርቧል፤ እርሱ ግን የማኅበራቸው አባል አልሆነም። ከ1928 መጨረሻ እስከ 1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ ግብፅ ሄዶ የጥንቱን ሐውልትና የዓባይን ዳር እርሻዎች ጎበኘ። በ1931 ዓ.ም. ከባውሐውስ ወጥቶ በዱሰልዶርፍ አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1933 ዓ.ም. ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። በማርች ወር በዴሳው ያለ ቤቱ ተበረበረ፤ በኤፕሪል ከማስተማር ሥራው ታገደ። የናዚ ጋዜጣ በጠላትነት አይሁዳዊ ነው ብሎ ስለ ጻፈበት ዘሩን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። እርሱ አይሁዳዊ ባይሆንም፥ ቢሆንስ ኖሮ ምን ነውር ነበረበት የሚል ስሜት እንደ ነበረው ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ይታያል፤ በገዛ ፈቃዱም ለእነርሱ ሊያጎበድድ አልወደደም። በዚያ ዓመት ከሣላቸው ሥዕሎች አንዱ ከስም ዝርዝር የተሰረዘ ይባላል። ዓይኖቹን የጨፈነ የሰው ፊት ነው፤ በጭንቅላቱ ላይ መምህር በስሕተት ላይ እንደሚያደርገው ያለ ትልቅ ጥቁር የሰረዝ ምልክት አለ። በዓመቱ መጨረሻ ከሚስቱ ጋር ጀርመንን ለቅቆ ወደ በርን ተመለሰ።

በ1937 ዓ.ም. ናዚዎች የክሌን 102 ሥራዎች ከጀርመን ሙዚየሞች ነጠቁ። በሚውኒክም የተበላሸ ጥበብ ብለው ለማዋረጃ ባዘጋጁት ትርኢት አሥራ ሰባቱን ሰቀሉ። በትርኢቱ መምሪያ መጽሐፍ ላይ አንዱን ሥዕሉን በአእምሮ ሕመምተኛ ከተሠራ ሥዕል ጎን አተሙት። ወደ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ያንን ትርኢት አየ፤ ከተመልካቹም ብዙው ለመሣቅ የመጣ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ የክፍላችን ሣቅ ትዝ አለኝ። የእኛ ሣቅ ክፋት የሌለበት ነበር፤ ቢሆንም ሣቅ መሆኑን ልክደው አልችልም። የምትንጫጫው መኪናም በርሊን ከሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተነጥቃ ተሸጠች፤ በ1939 ዓ.ም. የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዛት። ዛሬም በዚያው ትገኛለች።

በበርን ደግሞ ሌላ መከራ ጠበቀው። በ1935 ዓ.ም. ታመመ። ሕመሙ ስክሌሮደርማ የሚባለው፥ ቆዳን እያጠነከረና እያሳጠረ የሚሄደው በሽታ መሆኑ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ምግብ ለመዋጥ ተቸገረ፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያልተለየውን ቫዮሊን አኖረ። በ1936 ዓ.ም. ዓመቱን ሙሉ የሠራው ሃያ አምስት ሥዕል ብቻ ነበር። ያልተጠበቀው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1937 ዓ.ም. 264፥ በ1938 ዓ.ም. 489፥ በ1939 ዓ.ም. 1,253 ሥራዎች መዘገበ። በቀን ከሦስት በላይ መሆኑ ነው። መሥመሩ ወፍራምና ቀላል ሆነ። ብዙ መላእክትንም ሣለ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደምናውቃቸው ያሉ አይደሉም። አንዱ የሚረሳ፥ አንዱ አስቀያሚ፥ አንዱ ገና መራመድ የሚማር መልአክ ነው፤ ክንፋቸውም የሰውን ክንድ ይመስላል።

አሁን በመጀመሪያ ልብ በል ወዳልሁት ጉዳይ እንመለስ። ክሌ በተወለደበት አገር እንደ ባዕድ ሰው ይኖር ስለ ነበረ በ1939 ዓ.ም. የስዊስ ዜግነት ጠየቀ። የቋንቋው፥ የልጅነቱ፥ የትምህርት ቤቱ አገር ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር። ነገር ግን ፖሊስ መረመረው፤ ሥዕሎቹም በጥርጣሬ ታዩ። የእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ሠሪ ለአገሪቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ወራት አለፉ። በጃንዋሪ 1940 ዓ.ም. የዘጠና ዓመት ሽማግሌ አባቱ ሞቱ። እርሱም ለሕክምና ወደ ሎካርኖ አካባቢ ሄዶ ሳለ በጁን 29 ቀን በሙራልቶ ዐረፈ። የሥልሳ ዓመት ሰው ነበር። የበርን ከተማ ምክር ቤት ጉዳዩን ሊወስን የቀጠረው ከሞቱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር።

ትቶት የሄደው ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ነው። አመዱ በበርን ሾስሐልደን መቃብር ዐርፏል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ2005 ዓ.ም. በስሙ ትልቅ የጥበብ ማእከል ተከፈተ፤ ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ ሥራዎቹ በዚያ ይጠበቃሉ። ለልጁ ከሠራቸው ሃምሳ አሻንጉሊቶች እስከ ዛሬ የቆዩት ሠላሳ ያህሉ ናቸው። ከእነርሱም አንዱ፥ ከጀሶና ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራው፥ ትልልቅ ዓይኖቹን አፍጥጦ የሚያየው ክሌ ራሱ ነው።